«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሲባል እንዴት ትተረጉሙታላችሁ?

ድልድይ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ 9 ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የታካሚዋ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ፤ ንግግሩን ግን አልነካሁትም።

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ እናት ናቸው። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው። እጃቸውን ከእምብርታቸው ከፍ አድርገው አሳረፉና «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። እኔም ሆዳቸው ውስጥ ደስ የማይል ስሜት እንዳለ የሚገልጽ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ጥያቄውን ደረደረው። ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ያስመልስዎታል? ሰገራዎ እንዴት ነው? እሳቸው አንድ በአንድ መለሱ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ፊታቸውን ከሐኪሙ ወደ እኔ መለስ አድርገው «ልጄ፣ የበላሁት ነገር እኮ አይደለም» አሉኝ። ደንቡ እንደሚያዘው እሱንም እንዳለ አስተረጎምኩ። ሐኪሙ የተረዳው «የተበላሸ ምግብ አልበላሁም» እንዳሉ ነው። የላብራቶሪ ወረቀት ጽፎ ቀጠሮ ሰጣቸው።

አማርኛ የምትናገሩ ሁሉ እናትየዋ ምን ሊሉ እንደሚችሉ ገብቷችኋል። ባር ባር የሚለው ሆድ ምግብ የሚገባበት ሆድ ላይሆን ይችላል። ሰው አገሩ ሲናፍቀው፣ ቤቱ ጭር ሲልበት፣ ክፉ ወሬ የሚሰማ ሲመስለው ባር ባር ይለዋል። ይህን ከማንም አላንስም አውቀዋለሁ። እሳቸው ሲናገሩት እኔንም ባር ብሎኛል። ታዲያ ከአፌ ሲወጣ ለምን የጨጓራ ነገር ሆነ?

የሥራችን ደንብ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አትለውጡ ይላል። ታካሚው «አመመኝ» ካለ እኔም «አመመኝ» እላለሁ እንጂ «አመመው» አልልም። እዚያ ክፍል ውስጥ የራሴ ድምፅ የለኝም ማለት ነው። ቃሉ ሁለት ትርጉም ሲኖረው ግን ንግግሩን አቁሜ ማብራሪያ መጠየቅ ይፈቀድልኛል። እኔ አላቆምኩም። ቃሉን አድርሻለሁ ብዬ ዝም አልኩ፤ ቃሉም ሳይደርስ ቀረ።

ትርጉም የሚኖረው የት ነው? በቃሉ ውስጥ ነው፣ በተናጋሪው ልብ ነው ወይስ በሚሰማው ሰው ዘንድ? ሐሙስ ቀጠሮ አላቸው፤ የማስተረጉመውም እኔ ነኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ልብ ወለድ አንባቢ (ሰኞ ማታ)

እህቴ ድልድይ፣ ያስጨነቀሽ ነገር ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛ ስሜትን በሰውነት ክፍል ነው የሚያከፋፍለው፤ ድልድሉም የራሱ ነው። ኀዘንና ናፍቆት ሆድ ውስጥ ናቸው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን። ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ቡቡ ነው፣ የሚታገሠው ሆደ ሰፊ። ርኅራኄ አንጀት ውስጥ ነው፤ ምስኪን ልጅ ስናይ አንጀታችንን ይበላዋል። ንዴት ደግሞ ቆሽትን ያሳርራል። «ቆሽቴ አረረ» ያለ ሰው ስለ ጣፊያና ቆሽት በሽታ ቢጠየቅ አስቢው!

ከሁሉ የሚገርመኝ ልብ ነው። «ልብ በል»፣ «ልብ አላልኩትም»፣ «ልብ ግዛ» ስንል የምናወራው ስለማስተዋል ነው። ከሐሳብ የተወለደውን ታሪክ «ልብ ወለድ» ያልነውም ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ በአብዛኛው ለጭንቅላት የሰጠውን ሥራ እኛ ለልብ ሰጥተነዋል። አንድ እናት ሐኪም ፊት «ልቤ ጠፋ» ቢሉ የልብ ምርመራ ሊታዘዝላቸው ነው፤ እሳቸው ግን ማሰብ አቃተኝ ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደከመኝ የሚሉትን ግሦች ተመልከቱ። በሁሉም ውስጥ «እኔ» ባለቤት አይደለሁም፤ የሚደረግብኝ ነኝ። ረሃቡ መጥቶ እኔ ላይ ያርፋል፤ ናፍቆቱም እንዲሁ። «ባር ባር ይለኛል» ያሉት እናት ስለ ራሳቸው ሁኔታ ከመናገር ይልቅ የመጣባቸውን ነገር እያስረዱ ነበር። እንግሊዝኛው ይህን ሲቀበል ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የመጣበት ነገር ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። የመጣባቸውን ነገር ማንም ያልጠየቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ነርስ ከሐዋሳ (ማክሰኞ ጠዋት)

ቅር እንዳይላችሁ፣ እኔ ግን በዚህ መንገድ አልስማማም። በሥራዬ ያየሁትን ልናገር።

«ባር ባር ይለኛል» ማለት ኀዘን ነው ብሎ የወሰነ ሰው ሕመምተኛ ሊገድል ይችላል። በተለይ ሴቶች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲጀምር ደረት ላይ የሚወጋ ሕመም ላይኖር ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ከሆድ ከፍ ብሎ የሚሰማ መጨናነቅ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ሆኖ ይመጣል። የስኳር መውረድም ባር ባር ያሰኛል። ወደ ሰባ የተጠጉ እናት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ይህን ካሉ፣ የመጀመሪያው ሥራ ሆዳቸውን ማየት ነው። ሐኪሙ የላብራቶሪ ምርመራ ማዘዙ ስህተት አይደለም።

ድብርት ያለበት ሰውም ብዙ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው «አዝኛለሁ» ብሎ አይደለም። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ነው። ሕመሙም የእውነት ነው፤ እየተረተ አይደለም። ስለዚህ «ሰውነት ነው ወይስ መንፈስ» ብላችሁ አትክፈሉት። ሴትየዋ ራሳቸው አልከፈሉትም።

አስተርጓሚ ፍቺ መርጣ ለሐኪሙ የምትሰጥ ከሆነ ምርመራውን እሷ ጀመረችው ማለት ነው። ሁለቱን በሮች ከፍተሽ አሳዪ፣ የሚገባበትን ሐኪሙና ታካሚዋ ይምረጡ። ምክሬ ይኸው ነው።

ድልድይ (ማክሰኞ ጠዋት)

ነርስ ከሐዋሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ሁለቱን በሮች ከፍተሽ አሳዪ» ያልሽውን ጽፌ ይዤዋለሁ። የእኔ ጥፋት አንዱን በር ዘግቼ መሄዴ ነው። መዝጋቴንም ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ነው።

የቅዳሜ አስተማሪ (ማክሰኞ ከሰዓት)

እኔ ስቶክሆልም ውስጥ በየቅዳሜው ለሕፃናት አማርኛ አስተምራለሁ። የእናንተን ጥያቄ በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ አየዋለሁ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ አንድ ነገር መኖሩ ነው። «ዋና» ላልቶ በውሃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ሽፍታ»ን አስቡት፤ አንዱ ጫካ ይገባል፣ አንዱ ቆዳ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን «ገና ገና ነው» ብዬ ጻፍኩና አንብቡ አልኳቸው። አገር ቤት የተወለደች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳታመነታ የመጀመሪያውን አጥብቃ፣ ሁለተኛውን አላልታ አነበበች። እዚህ የተወለዱት ደግሞ ሁለቱንም አንድ አድርገው አነበቡና ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ። ፊደሉን ከእሷ እኩል ያውቃሉ። የጎደላቸው ዓረፍተ ነገሩ ከማለቁ በፊት «ይህ ሰው ምን ሊል ነው?» ብሎ መገመት ነው።

ሌላ ጊዜ አንድ የ8 ዓመት ልጅ «ልጆቹ ምሳ ሰዓት ይበላሉ» የሚለውን ሲያነብ «በ»ን አጠበቀው። ልጆቹ ተበሉ ማለት ነው! ድምፁ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አላልቶ አነበበው። ማንም አላረመውም። ያቺን የሁለት ሰከንድ ዝምታ አልረሳትም። ትርጉም ሲሠራ በዓይን ማየት ከተቻለ እኔ ያን ቀን አይቻለሁ። አእምሮው ቃሉን ተቀበለ፣ ከሚያውቀው ዓለም ጋር አስተያየው፣ አልሆን ሲለው ተመልሶ ቃሉን ራሱን ለወጠው። ማንበብ ማለት ከፊደል ወደ ትርጉም መሄድ ብቻ ይመስለን ነበር። ከትርጉም ወደ ፊደልም ይኬዳል።

እህት ድልድይ፣ ሐኪሙ «የበላሁት ነገር አይደለም» የሚለውን የሰማው አስቀድሞ በያዘው ግምት ነው። የምግብ ጥያቄ እየጠየቀ ስለነበር መልሱን በምግብ አነበበው። አጠበቀው ብል ይቀለኛል።

በርሜል (ማክሰኞ ማታ)

የፋብሪካ ደኅንነት ባለሙያ ነኝ፤ ቋንቋ ላይ የምናገረው ያለኝ አይመስለኝም ነበር። ግን ለሠልጣኞቻችን ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ።

ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። ትምህርቱ ኬሚካል ምሕንድስና፣ መተዳደሪያው የእሳት አደጋ መድን መርማሪነት ነበር። የተቃጠሉ ቦታዎችን ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎች ቤንዚን በተሞላ በርሜል አጠገብ ሲሠሩ ይጠነቀቃሉ። «ባዶ» በርሜል የተከማቸበት ሲደርሱ ግን ሲጋራ ይለኩሳሉ። ባዶው ውስጥ ያለው የቤንዚን ትነት ደግሞ ከሞላው የበለጠ ይፈነዳል። «ባዶ» የሚለው ቃል «ምንም የለበትም፣ አያሰጋም» የሚል ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ እጅም ቃሉን ተከትሎ ክብሪት ይጭራል። ዎርፍ ከዚህ ተነሥቶ ቋንቋ አስተሳሰብን ይቀርጻል ወደሚል ሐሳብ ሄደ። አጥብቀው የያዙት ሰዎች ከልክ አሳልፈውታል፤ ቃል የሌለውን ነገር ሰው ማሰብ አይችልም እስከማለት ደረሱ። እሱን አልቀበልም። ቃሉን ሳያገኝ ሲያምጥ የሚያድር ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

ልማድ መቅረጹን ግን አምናለሁ። በአውስትራሊያ ክዊንስላንድ ጉጉ ይሚዲር የተባለው ቋንቋ ተናጋሪዎች ቅርብ ያለ ነገርን እንኳ በግራና በቀኝ አያመለክቱም። «ከእግርህ በስተሰሜን ጉንዳን አለ» እንደማለት ነው አነጋገራቸው። እንዲህ ለመናገር ሰሜን የት እንደሆነ ሌሊትም፣ ቤት ውስጥም ማወቅ ግድ ይላል፤ እነሱም ያውቁታል።

የእኛን ሰዓት ተመልከቱ። ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው፣ ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት የፈረንጁ 8 ነው። አክስቴ አሜሪካ በመጣች በወሩ «ቀጠሮሽ 2 ሰዓት ነው» ተባለች። ማልዳ ተነሥታ፣ በብርድ፣ ያልተከፈተ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር። ቁጥሩ አንድ፣ ቃሉ አንድ፤ የነገራት ሰውም አማርኛ ተናጋሪ ነበር።

የታሪክ መምህር (ረቡዕ ጠዋት)

ስለ ትርጉም ተወርቶ ውጫሌ ሳይነሣ ሊቀር ነው?

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 20 አንቀጾች አሉት። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣልያን አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግን ለዚሁ ጉዳይ በጣልያን መንግሥት በኩል ለመገልገል ተስማምተዋል ይላል። አንዱ በር ነው፣ ሌላው ሰንሰለት። ጣልያን ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን ሲረዱ ተከራከሩ፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተቋጨ።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያልፉት አንቀጽ 19ኛው ነው። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ እንደተጻፈ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም እንደሚስማሙና እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል። ሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ይላሉ ብሎ በወረቀት መፈረም ይቻላል። ያ ፊርማ ግን የምኒልክን መረዳትና ውሉን የተዋዋለውን የጣልያን መልእክተኛ የአንቶኔሊን መረዳት አንድ አላደረጋቸውም።

ልብ ወለድ አንባቢ (ረቡዕ ጠዋት)

መምህር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ውጫሌን «የትርጉም ስህተት» እያሉ ማስተማር ጉዳዩን ያቀለዋል። «ይቻላቸዋል» ከባድ ቃል አይደለም፤ ቅኔ የለበትም። ስህተት ከሆነ ነገሩ እንደታወቀ ሊታረም ይችል ነበር፤ ጣልያን ግን ሙጭጭ አለች። ያላስተማመነው የቋንቋው ክብደት ሳይሆን የአንደኛው ወገን ፍላጎት ነበር። የድልድይን ጉዳይ ከዚህ ጋር ማወዳደር ይከብደኛል። ያ ሐኪም ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ነው።

የታሪክ መምህር (ረቡዕ ከሰዓት)

ተቀብያለሁ። መረዳት ፍላጎትም ይጠይቃል። እኔም ያነሣሁት አንድ ግሥ ስንት ሰው እንደሚያስከፍል ልጆቻችን እንዲያስቡት ነው።

ተማሪ ቤት (ረቡዕ ማታ)

ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ከጎጃም ነኝ። ጠያቂዋ «ትርጉም የት ነው?» ስትል የኔታ ትዝ አሉኝ። ቅኔ ተቆጥሮ ሲቀርብ «ሰሙን ሰማሁ፣ ወርቁ የት አለ?» ይሉ ነበር። ፍለጋው የሰሚው ነው።

በአማርኛ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህ ነው፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ፣ አዳም ዕፀ በለስን ስለበላ መድኃኔዓለም ተሰቀለ የሚል ነው። ወርቁ፣ ከንፈርሽን አይቶ ልቤ ባንቺ ተንጠለጠለ የሚል ነው። ኅብረ ቃሉ «ተሰቀለልሽ» ነው፤ ሁለቱንም የተሸከመው እሱ ነው። የስቅለቱን ነገር ለማያውቅ ሰው ይህን ብትነግሩት ሰሙም ወርቁም የለም፤ ተራ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይሆንለትም። ተናጋሪው ግማሹን ይዞ ይመጣል፣ ግማሹ አድማጩ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው አለኝ። የፈረንጅ ሊቃውንት ይህን ዘግይተው የደረሱበት እንዳይመስላችሁ፣ እኛም ብቻችንን እንደያዝነው አትቁጠሩት። ፖል ግራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ ሰዎች ሲነጋገሩ ተባባሪ ናቸው፣ ሰሚውም ከተባለው አልፎ ሊባል የተፈለገውን ያወጣል ብሏል። ጎረቤት «ጨው አለሽ?» ስትል ማንም «አዎ አለኝ» ብሎ በሩን አይዘጋም። ጨው ቆንጥሮ ይሰጣል። ይህ የየዕለቱ ወርቅ ነው። ቅኔ የሚለየው ወርቁን ሆን ብሎ አርቆ በመቅበሩ ነው።

እናትየዋ ግን ቅኔ አልተቀኙም። ወርቁን በግልጽ ነው የተናገሩት፤ ሰም የሆነው ሌላ ቋንቋ ሲደርስ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ተመላሽ (ረቡዕ ማታ)

የእናንተን ያህል አልተማርኩም። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ከፈቀዳችሁልኝ አንድ ነገር ልበል።

ቋንቋውን ሳላውቅ ነው የገባሁት። መጀመሪያ የገባኝ ቃል አልነበረም፤ ድምፅ ነው። ሴትየዋ ስትቆጣ፣ ስትጣደፍ፣ እንግዳ ሲኖር ድምፅዋ ይለያያል። ልጇ ደግሞ በጣቱ እያሳየ ስሙን ይነግረኝ ነበር፤ ዕድሜ ይስጠው። ውሃ፣ ጨው፣ በር፣ ና፣ ሂጂ። በአራተኛው ወር ግማሹን እሰማ ነበር።

ያስቸገረኝ የራሴው ነገር ነው። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ሳብ እናደርጋለን አይደል? ቃል የለውም፣ ወደ ውስጥ «ህ» ብቻ ነው። እኔ እንዲህ እንደማደርግ እንኳ አላውቅም ነበር። ሴትየዋ ባዘዘችኝ ቁጥር «ህ» እላለሁ፤ እሷ ትደነግጣለች። የሆነ ነገር ሰብሬ ወይም አሞኝ የምደነግጥ ይመስላታል። እየሮጠች መጥታ ታየኛለች። ከዚያ ትቆጣለች፣ እኔ ደግሞ ለምን እንደምትቆጣ አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ «እሺ፣ አዎ» እያልኳት «ፈራሁ፣ ፈራሁ» ትሰማኝ ነበር። ልጁ ነው አንድ ቀን አስመስሎኝ «ህ» ብሎ የሳቀው፤ ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ በአፌ መናገር ለመድኩ።

አሁን አገሬ ገብቼ እናቴ «ህ» ስትለኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ አልነግራችሁም።

ነርስ ከሐዋሳ (ረቡዕ ሌሊት)

ተመላሽ፣ እኛ ሁላችን ከጻፍነው ያንቺ ይበልጣል።

ድልድይ፣ ሐሙስ ስትገቢ ይህንንም አስቢ። «መድኃኒቱን አልወሰዱም?» ተብለው ሲጠየቁ እናቶቻችን «አዎ» ይላሉ፤ አዎ፣ አልወሰድኩም ማለታቸው ነው። በእንግሊዝኛ «አዎ» ብቻውን ከደረሰ ወስደዋል ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጥያቄው በአሉታ እንዳይመጣ ብታደርጊ መልካም ነው። «እሺ» ሲሉም እንዲሁ፤ ሰማሁ ማለታቸው ይሁን አደርጋለሁ ማለታቸው፣ ደግሞ ማስጠየቅ ነው።

ድልድይ (ዓርብ ጠዋት)

ትናንት ገባሁ።

መጀመሪያ የነርስ ከሐዋሳን ልናገር፤ ልክ ነበርሽ። የምርመራው ውጤት መጥቷል፤ ጨጓራቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል፣ መድኃኒት ተጽፎላቸዋል። የሆዳቸውም ነገር እውነት ነበር። «ኀዘን ነው» ብዬ ብናገር ኖሮ ይህ ይዘገይ ነበር።

ሐኪሙ ውጤቱን ነግሯቸው ሊነሣ ሲል አስቆምኩት። ለእሳቸው በአማርኛ፣ ለእሱ በእንግሊዝኛ፣ አስተርጓሚዋ አንድ ነገር ማብራራት እንደምትፈልግ ተናገርኩ። ባለፈው ያሉት አነጋገር የሆድ ሕመምም፣ ኀዘንና ስጋትም ሊሆን እንደሚችል፣ እኔም አንዱን ብቻ እንዳደረስኩ፣ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ ወንበሩን ከኮምፒውተሩ አዙሮ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«ባር ባር የሚልዎት መቼ መቼ ነው?» አለ። ቃሉን እንዳለ በአማርኛ ነው ያለው፤ ከእኔ ሰምቶ እያጠፋ፣ «ር»ን እያንከባለለ።

ፈገግ አሉ። ከዚያ «ስልክ ሲጮህ» አሉ።

ቀጥለው ተናገሩ። አገር ቤት አንዲት እህት አለቻቸው፣ በየእሑዱ የምትደውል። ሁለት ወር ሆናት ከጠፋች። ልጆቻቸው ኔትወርክ የለም ይሏቸዋል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልጆቹ ተጠቃቅሰው ወደ ሌላ ክፍል ይወስዱታል። «የሚነግረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ሆዴ ግን ያውቃል» አሉ። እኛ መርዶ በስልክ እንደማንናገር፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር እስኪያንኳኳ እንደሚጠበቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን ይህን ለሐኪሙ አላልኩም። እሳቸው አልተናገሩትማ። የተናገሩትን ብቻ፣ ያችን «ሆዴ ግን ያውቃል» የምትለዋን በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አዙሬ፣ የቻልኩትን ያህል አደረስኩ።

ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ይፈራሉ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አስተረጎምኩላቸው።

መልስ በቃል አልሰጡም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ፤ «ህ»።

ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እስከዚያ ቀን ያን ድምፅ አስተርጉሜው አላውቅም ነበር።

«አዎ ብለዋል» አልኩት።